ከበር የማያልፍ ሕግ

«እኔ የማጨሰው መስኮት ከፍቼ ነው፤ ልጆቹን አይነካቸውም» የሚል አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ጭሱ ቤት ውስጥ ሲሆን ሕግ ምን ያህል እንደሚረዳ የስኮትላንድ ልምድ ያሳያል። አገሪቱ በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከለከለች። ተመራማሪዎች ከክልከላው በፊትና በኋላ የ11 ዓመት ገደማ ተማሪዎችን ምራቅ መረመሩ። የፈለጉት ኮቲኒንን ነው፤ ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲብላላ የሚቀረውን ምልክት። መጠኑ በአማካይ 39 በመቶ ቀነሰ።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ወላጆቻቸው የማያጨሱ ልጆች በጣም ተጠቀሙ፤ እናታቸው የምታጨስባቸው ግን እምብዛም። ለጭስ ይበልጥ የሚጋለጡትም የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አጫሽ የሚበዛው እዚያ ነው፤ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ቤት ሕፃን ጥሎ ለማጨስ መውረድም ቀላል አይደለም።

በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጉ የሕዝብና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል። የመኖሪያ ቤታችንን ደጃፍ ግን አያልፍም። በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ ለሚያድር ልጅ መስኮት መክፈት አይበቃም፤ የጭሱ ርዝራዥ መጋረጃውና ፍራሹ ላይ ይቀራል።

የምታጨሱ ወላጆች፣ ብትችሉ ተዉት፤ ካልሆነም እናንተ ወደ ውጭ ውጡ። ልጁ ጭሱን ሸሽቶ የሚሄድበት የለውም።