ጣሪያው የጋራችን ነው
በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው በኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሴቶች ነው። መብራት ሲጠፋ የውኃው ፓምፕ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ሮቶው ይደርቃል። ያን ጊዜ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ማን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ልጆቻችንም ጨለማ ደረጃ እየዳበሱ ይወጣሉ። በጣሪያችን ላይ ሶላር ይተከል የምንለው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከባድ ነው፤ ከገንዘቡ የሚቀድመው ግን ፈቃዱ ነው። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የግላችን የሆነው ቤታችን ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃውና ግቢው የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ «ጣሪያው ከራሴ በላይ ነው» ብላ ብቻዋን አትተክልበትም። ምድር ቤት ያለችውም «አንቺን አያገባሽም» አትባልም።

እንግዲህ መጀመሪያ የብሎካችንን መተዳደሪያ ደንብ እናንብብ። ምልዓተ ጉባኤው ስንት ነው? ውሳኔ በስንት ድምፅ ያልፋል? ውክልና ይፈቀዳል? ቀጥሎ ጥያቄያችንን በጽሑፍ እናቅርብ፤ ሶላሩ ለፓምፕና ለደረጃ መብራት እንደሆነ በግልጽ እንጻፍ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ስለዚህ እንጀራ እንጋግርበታለን ብለን ለማንም ቃል አንግባ።

ጎረቤቶቻችን የሚያነሡት ሥጋት እውነተኛ ስለሆነ መልሱን ይዘን እንሂድ። «ቆርቆሮው ተበስቶ በክረምት ያፈስብናል» ይላሉ። አንድ ባለ 400 ዋት ሰሌዳ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አሥሩ ከነብረቱ ከ200 ኪሎ ያልፋል፤ ነፋስም አለ። ስለዚህ ጣሪያው መሸከሙን መሐንዲስ አይቶ በፊርማው ያረጋግጥ፤ ቢያፈስ የሚጠግነው ተካዩ መሆኑም በውሉ ይግባ። «ዲሻችን የት ይሂድ?» ለሚሉት፣ ትንሽ ጥላ እንኳ የሰሌዳውን ኃይል ስለሚቀንስ ዲሾቹን ወደ አንድ ጎን እንሰብስባቸው። «ሲበላሽስ ማን ይከፍላል?» ለሚሉት፣ ሰሌዳው ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ባትሪው ግን ቀድሞ ያረጃል። ለባትሪው ከወርሃዊ መዋጮው ከአሁኑ ማስቀመጥ ይሻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ውሳኔው ሲያልፍ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ይፈረምበት። ሌላ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ወረዳውን እንጠይቅ፤ እዚያ ስንሄድ ቃለ ጉባኤው በእጃችን ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውኃ የምንሸከመው እኛ፣ ድምፅ የሚሰጡት ሌሎች እንዳይሆኑ። ካርታው በባል ስም ስለሆነ ብቻ ከስብሰባ የምንቀር አለን። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት የሚተዳደረው በባልና ሚስት በጋራ ነው። ከስብሰባው በፊት ከባሎቻችን ጋር በቤታችን እንምከር፤ አብረንም እንሂድ። ተከራዮች የሆናችሁ እህቶች ድምፁ የባለቤቱ ስለሆነ አከራያችሁን አነጋግሩ፤ ደንቡ ከፈቀደም ውክልና ጠይቁ።

ለደጋፊዎቻችን የምናቀርበው ልመና አንድ ነው። ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት የመሐንዲሱን ምርመራ ወጪ ሸፍኑልን። የጣሪያው አቅም በወረቀት ሲረጋገጥ የጎረቤት ሥጋት ይቀላል፤ ፈቃዱም ይቀርባል። የቀረውን በየወሩ እያዋጣን እንደርስበታለን።