ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ



ዛሬ የምናወሳው በመጀመሪያ ሲሰሙት ቅር ስለሚያሰኝ፥ ዳግም ሲሰሙት ግን ስለሚያስተምር አንድ የሙዚቃ ሸክላ ነው። ይኸውም ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቼ በለው» ነው።

በዚህ ሸክላ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፥ ግርማ በየነ በፒያኖ፥ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሰልፈዋል። ይህን ሁሉ ባለሙያ በአንድነት ሳገኝ ተስፋዬ ታላቅ ነበረ። ቆቦ ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጬ ሳደምጥ ግን፥ ዘፋኙን ስንጠብቅ ሸክላው አለቀ። «ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣውም» ተባብለን ተለያየን።

ነገር ግን በቆቦ ሜዳ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ዋሽንቱን ሲነፋ፥ ግጥሙ ወዴት ነው ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ይህን ካሰብሁ በኋላ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዜማ እንደገና አደመጥሁ። ባሱ አንዱን ሐረግ እየመላለሰ መሠረት ሲጥል፥ ሌሎቹ መሣሪያዎች እንደ አውራጅና ተቀባይ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እርግጥ ነው፥ አንዳንዱ ዜማ ለሆቴል አዳራሽ ተብሎ የለዘበ ይመስላል፤ ይህን አልሸሽግም። ዝም ያለው ግን ሸክላው አልነበረም፤ ያልሰማው ጆሮአችን ነበረ።

ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ለብዙ ዘመን ታክሲ ነዳ። ሸክላው በ2014 እ.ኤ.አ. እንደገና የታተመው በባዕድ አገር ነው። እንግዲህ የገዛ ወገናችንን ሥራ ባዕድ ቀድሞ እንዳያከብርብን፥ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምተን አንፍረድ።