ስም ዝርዝር አልሰጥም፤ ምስክርነት ግን እሰጣለሁ
(የማኅበራችን የሒሳብ ሠራተኛ በአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በየወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን ሌላ ነገር እንድናገር ጠይቃኛለች። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባላት “በየሰፈራችን ተደራጅተው የሚቀሙንን ልጆች ስም ዝርዝር አዘጋጅተን ለፖሊስ እንስጥ” የሚል ሐሳብ ማቅረባችሁ ይታወሳል። ሐሳቡ የመጣው ከብሶት ነው። ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ ሲመሽ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ የማትሄድ ሴት የለችም። እኔ ግን ዝርዝሩን እቃወማለሁ። ለምን እንደምቃወም ለማስረዳት ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንዱ የተዘረፍኩበት ቀን ነው፤ ሌላው ወንድሜ የታፈሰበት ቀን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ የአባላትን መዋጮ ሰብስቤ፣ ባንክ ስለተዘጋ ብሩን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ መሸብኝ። መብራት የሌለው መታጠፊያ ላይ አራት ልጆች ከበቡኝ። አንዱ ከኋላ አንገቴን አነቀኝ፣ ሌላው ቦርሳዬን ነጠቀ። ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ያ ብር የእኔ አልነበረም፤ እንጀራ ሸጣችሁ፣ ልብስ አጥባችሁ፣ ዓሣ ቸርችራችሁ ያጠራቀማችሁት ነው። ከደመወዜ እየተቆረጠ ሰባት ወር ከፍዬ ተካሁት። ከእናንተ አንዳችሁም ክፈይ አላላችሁኝም፤ የከፈልኩት ሌጀሩ ላይ ጎዶሎ አይቼ መተኛት ስላቃተኝ ነው።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከአራቱ አንዱን በድምፁ ለይቼዋለሁ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ትንሽ ሳለ ለእናቴ በጀሪካን ውኃ ያመላልስ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስጠየቅ “ማንንም አላወቅሁም” አልኩ። እናቱን አሰብኩ፤ በቀልም ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ከሳምንታት በኋላ በዚያው መታጠፊያ ከሥራ የምትመለስ ልጅ ስልኳን አልሰጥም ብላ ክንዷን በጩቤ ተወጋች። እነማን እንደሆኑ አላየሁም። ነገር ግን የማውቀውን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ልጅቷ ከተወጋች በኋላ ሕዝቡ ጮኸ፤ ፖሊስም አንድ ምሽት መንገድ ዳር የተገኘውን ወጣት ሁሉ ጭኖ ሄደ። ታናሽ ወንድሜ ጆተኒ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ መታወቂያውን ቤት የረሳ። ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ዘጠኙንም ቀን እናቴ ስንቅ አመላለሰች። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ በምን እንደተጠረጠረ የነገረንም አልነበረም። በአሥረኛው ቀን “ሂድ” ተባለ። ድምፁን ያወቅሁት ልጅ ግን አፈሳው ከመምጣቱ በፊት ከከተማ ወጥቶ ነበር። ወንድሜ ስለ እስር ቤቱ ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ግን ነገረኝ፤ “እዚያ ውስጥ የሚጠብቅህ ቡድን ከሌለህ ብርድ ልብስህም ያንተ አይደለም” አለኝ። ቡድን ያልነበረው ልጅ ቡድን የሚያስፈልግበት ቦታ ገብቶ ወጣ ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። ካልተገኘ ደግሞ ያገሩ ሰው አዋጥቶ ለተበደለው ይከፍላል። ከባድ ሥርዓት ነው፤ በእርሻ ወቅት ሕዝብን ያጉላላ ነበር። ነገር ግን “የሰፈሬ ሌባ የእኔም ዕዳ ነው” የሚል ቁም ነገር አለበት። ሁለተኛው ሌባሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጡታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለም፣ ምስክር የለም፤ ልጁ ወደቀ፣ በቃ። ሌባሻይ የቀረው ንጹሕ ሰው ስለሚያስጠፋ ነው። የስም ዝርዝሩን ሐሳብ ስሰማ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። “ጸጉሩ አያምረኝም፣ ሥራ የለውም፣ ማታ ይቆማል” ብለን የምንጽፈው ስም ሌባሻይ በወረቀት ነው።

በዘመናችንም ሕጉ ሁለቱንም መንገድ ሞክሯል። በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። በዚህ አዋጅ የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት የለውም። ሠርቶ የሚያድር ሰው በቦዘኔዎች እየተዘረፈ ስለነበር ብዙዎች ተደስተውበታል። ችግሩ ሥራ መፍታትና ወንጀል መሥራት አንድ ላይ ሲታዩ መንገድ ዳር የቆመ ድሃ ልጅ ሁሉ ተጠርጣሪ መምሰሉ ነው።

ሌላው መንገድ ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ነው። የአማራ ክልል በዚህ ሥራ ቀደም ብለው ከገቡት ክልሎች አንዱ ነው። ለየቀበሌው የኮሚዩኒቲ ፖሊስ መኮንን ተመደበ፣ ነዋሪዎች የሚመክሩበት መድረክ ተቋቋመ፣ “የቤተሰብ ፖሊስ” የሚባል ነገርም መጣ። ሐሳቡ ጸቡ ወንጀል ሳይሆን በፊት ጎረቤትና ቤተሰብ እንዲያበርደው ነበር። ሠፈሩን የሚያውቅ፣ እናቶችን በስማቸው የሚጠራ ፖሊስ በነበረበት ቦታ ሠርቷል። ነገር ግን አደረጃጀቱ ከአንድ ለአምስትና ከፖለቲካ ጋር ሲነካካ ሰው “ሪፖርት እየተጻፈብኝ ነው” ብሎ አፉን ዘጋ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተወውና ለእኛ የተረፈንን ብቻ ልናገር፤ በጊዜ ቤት መግባት፣ የእገታ ወሬ፣ ከጨለማ የሚመጣው ማን እንደሆነ አለማወቅ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተሳሳተ ስም ዝርዝር ልጅን ከዘጠኝ ቀን እስር የከፋ ነገር ላይ ሊጥለው ይችላል።

በሌላው ዓለም የሆነውንም ባጭሩ ልጥቀስ። ኤል ሳልቫዶር በምትባል ትንሽ አገር የወሮበላ ቡድኖች ሕዝቡን ቁም ስቅሉን ሲያሳዩት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ከ80 ሺህ በላይ ሰው አሰረ። ግድያው በእርግጥ በጣም ቀነሰ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን አብረው ታስረው እንደነበር የአገሩ መሪ ራሱ አምኗል። የእነዚያ ልጆች እናቶችም እንደ እናቴ ስንቅ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችና የአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች አብረው ሠሩ። የቡድን አባላቱን ፊት ለፊት ጠርተው “እናውቃችኋለን፤ ከእናንተ አንዱ ቢተኩስ መላው ቡድናችሁን እንከታተላለን፤ መውጣት ለሚፈልግ ግን ሥራም ትምህርትም እንፈልግለታለን” አሏቸው። በወጣቶች ላይ ይደርስ የነበረው ግድያ በ63 በመቶ እንደቀነሰ ጥናት አሳይቷል። ቦስተን ባሕር ዳር አይደለችም። ነገር ግን እዚያ የተሠራው ያጠፋውን ካላጠፋው የመለየት ሥራ ነው፤ እሱን ደግሞ ሠፈሩን ከሚያውቅ ሰው በቀር ማንም አይችለውም።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ መዝገብ ላይ አልጽፍም። የሰው ልጅ ስም ከወጪ አይበልጥም ወይ? ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ገንዘባችንን ከመንገድ እናንሳ። መዋጮ በቴሌብር ወይም በባንክ በኩል ይግባ። ስልክ መጠቀም ላልለመዱ እናቶች ልጆቻችን ያሳዩአቸው። ጥሬ ብር መሰብሰብ ግድ ከሆነ ባንክ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ ሦስት ሆነን እንሂድ።

ሁለተኛ፣ ስም ዝርዝር አንስጥ፤ ያየነውን ግን እንመስክር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በዓይናችን ያየነውን፣ በጆሯችን የሰማነውን። የወንጀል ሕጋችን ውንብድናን ከ1 እስከ 15 ዓመት፣ በቡድን ተደራጅቶ ወይም መሣሪያ ይዞ የሚፈጸመውን ከባድ ውንብድና ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ጥርስ አለው፤ የጎደለው ምስክር ነው። ምስክር የጎደለው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን ጣቢያ ሄዳ፣ ብቻዋን ፍርድ ቤት ቆማ፣ ብቻዋን ማታ ወደ ቤቷ ስለምትመለስ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ እሱን መጠየቅ እንደሚቻል እንወቅ። ከእሱ በፊት ግን አንዷ ስትመሰክር አሥራችን አብረናት እንሂድ። አሥር ሴት ላይ በቀል አይቀልም።

ሦስተኛ፣ የሮንድ ክፍያ በደረሰኝ ይሁን። በየወሩ እየከፈልን ነው፤ ስንቱ ደረሰኝ አለው? ጥበቃዎቹ እነማን ናቸው? ማን ነው የሚያዛቸው? ደረሰኝ የሌለው የጥበቃ ገንዘብ ቀስ በቀስ “ክፈይ፣ አለዚያ ቤትሽ ይዘረፋል” ወደሚል ግብር ይለወጣል። የተሰበሰበውና የተከፈለው በየወሩ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ሒሳቡን እኔ በነፃ እሠራለሁ።

አራተኛ፣ የአንዳችን ልጅ ሲያዝ በዚያው ቀን ሦስት አባላት ጣቢያ እንሂድ። ጸብ ለመፍጠር አይደለም፤ በትሕትና ሦስት ነገር ለመጠየቅ ነው። በምን ተጠረጠረ? ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል? ዕድሜው ተጠይቋል ወይ? ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ዕድሜው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አይታሰርም። ይህን የሚያውቁ ብዙ ደግ ፖሊሶች አሉ፤ ጠያቂ ሲኖር እነሱም ጉልበት ያገኛሉ።

አምስተኛ፣ ልጁ ሲወጣ ወዴት ይሂድ? ለጋሾቻችን ይህን እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ። ከማኅበራዊ ፈንዳችን ጥቂት ተመድቦ፣ በእናቱ ዋስትና፣ ለመኪና እጥበት፣ ለጫማ ሥራ፣ ለጋራዥ ልምምድ የሚሆን አነስተኛ ብድር ይሰጥ። እንደማንኛውም ብድር ይመዝገብ፣ ይመለስ። ወንድሜን ከዚያ ጆተኒ ቤት በር ያነሣው ስብከት አይደለም፤ አንድ የጋራዥ ባለቤት “ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ና” ማለቱ ነው።

የመጨረሻውን ልናገርና ልውረድ። ድምፁን የለየሁት ልጅ ባለፈው ዓመት ተመልሷል። እናቱን ቤቷ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። አለቀሰች፤ “እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ማንን ልጠይቅ?” አለችኝ። ከዚያ ሦስታችን፣ እኔ፣ እሷና አንዲት የዕድር እናት ሆነን ልጁን አነጋገርነው። መጀመሪያ ካደ፣ ኋላ አመነ። እንዲህ አልኩት፦ “ጣቢያ ሄደህ የሠራኸውን ትናገራለህ፤ እኔም ያየሁትን እናገራለሁ፤ እናትህም እኔም አብረንህ እንቆማለን።” ሁለት ሳምንት አሰበበትና ሄደ። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ነው። ውጤቱን አላውቅም፤ ሊታሰርም ይችላል። እናቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ከታሰረ ስንቅ ማመላለሱን ለእሷ ብቻ አንተወውም።

ስም ዝርዝር መስጠት ቀላል ነው፤ ጽፎ አስረክቦ ቤት መግባት ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ከእሱ የከበደውን ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስቡበት።