ከዶርማችን እስከ ጾሬ



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ትንሽ አጫውቺን» ሲሉኝ ሳላስብበት ነው እሺ ያልኩት። ሥራዬ ለምሳ ሰዓት የሚሆን ጨዋታ የለውም።

ሳይኮሎጂ እንደተማርኩ ታስታውሳላችሁ። አሁን ጾሬ ነኝ፤ አሶሳ አካባቢ፣ ሆሞሻ ወረዳ፣ በ2007 ዓ.ም የተከፈተው የስደተኞች መጠለያ። ብዙዎቹ ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። እንጨት ልትለቅም ወጥታ የተጠቃች ሴት ከምትነግረኝ ግማሹ ስለ ሰውዬው ነው፤ ግማሹ ጎረቤት ስላላት ነገር ነው። «ብቻዋን ጫካ ምን አወጣት?»

በሙያችን «የተዛባ አስተሳሰብ» የምንለው ነገር አለ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጂን ኤብልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ልጆችን የሚደፍሩ ሰዎች ለራሳቸው የሚነግሩትን ሰበብ ጻፉ፤ «ካልታገለች ፈልጋ ነው» የሚል ዓይነት። በዚያው ዓመት ዳያና ስከሊና ጆሴፍ ማሮላ በቨርጂኒያ እስር ቤቶች አስገድዶ በመድፈር የተፈረደባቸውን 114 ወንዶች አነጋግረው ያገኙትን አሳተሙ። ካመኑት ብዙዎቹ «ጠጥቼ ነበር» ይላሉ። የካዱት ግን ጥፋቱን ወደ ሴቲቱ ያዞራሉ፦ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው፣ ጨዋ ሴት አትደፈርም።

ይህን ሳነብ ድምፁን ከየት እንደማውቀው ለማስታወስ አልተቸገርኩም። የኛ ሕግ ራሱ እኮ ሰበብ ይቀበል ነበር! በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ይድናል። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 587 ጋብቻው ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ ደነገገ። ከዚያ በፊት ጠላፊ «አገባታለሁ እኮ» ቢል አስተሳሰቡ ተዛባ እንበል ወይስ ሕግ ጠቀሰ?

እርግጥ ሻድ ማሩናና ሩት ማን እ.ኤ.አ. በ2006 ጥያቄ አንስተዋል። ሰው ሁሉ ካጠፋ በኋላ ሰበብ ይደረድራል፤ እስር ቤት የተሰማ ሰበብ የወንጀሉ መንስኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ሰበቡን የምሰማው ከታሳሪ አፍ አይደለም። ቡና ላይ ነው፣ ውኃ ቦኖ ላይ ነው፣ ሽማግሌ «በእርቅ ይለቅ» ሲል ነው። ሰውዬው ገና ሳይከሰስ ሰበቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

እናም ዶርማችን ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንዲት የብሎካችን ልጅ ከከተማ አምሽታ፣ እያለቀሰች ገባች። ምን እንደደረሰባት ሁላችንም ገብቶናል። «እሷስ በማታ ምን ልትሠራ ሄደች?» ያልኩት እኔ ነኝ። ሳይኮሎጂ ተማሪዋ! በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመለሰችም።

ዛሬ ጠዋት ስም ዝርዝሩን አየሁት፤ የለችም። የምትገናኟት ካላችሁ ስልኳን አልጠይቅም። ያን ቃል የተናገረችው እኔ እንደሆንኩ፣ ይቅርታ እንደምጠይቃትም ንገሩልኝ።