ጣርማበርን ማን ሠራው?
ስለ ተራራ ዋሻ መንገዶች የተደረገ ንግግር

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በቤር ሼቫ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገው ንግግር የተወሰደ ነው። ተናጋሪው በአገር ቤት በመንገድ ቅየሳ ሥራ ያገለገሉ የማኅበራችን አባል ናቸው።)



እንድናገር የተጠየቅሁት ተራራ ተበስቶ የመኪና መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ጥያቄውን የተቀበልሁት ግን አንድ የቆየ ክርክር በልቤ ይዤ ነው። በየቤታችን የመንገድ ነገር ሲነሣ፣ «ጣልያን አምስት ዓመት ባይቀመጥ ኖሮ መንገድ የት ይገኝ ነበር?» የሚል አይጠፋም። ሌላው ደግሞ ይቆጣና፣ «ጠላት ምን መልካም ነገር ሠርቶ ያውቃል!» ይላል። ልጆቻችን ሁለቱንም ይሰማሉ። ነገ በትምህርት ቤት ስለ አገራቸው ሲጠየቁ የትኛውን ይናገሩ? ይህን በአንድ ዋሻ ምሳሌነት እንመልከተው፤ እርሱም በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የጣርማበር ዋሻ ነው።

ኡልፓን ለጀመራችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። እኛ ሁለቱንም «ዋሻ» እንላለን። በዕብራይስጥ ግን ተፈጥሮ የሠራው «መዓራ»፣ ሰው ቆፍሮ ያሳለፈው ደግሞ «ሚንሃራ» ይባላል።

ተራራው ለምን ተበሳ?

አብዛኞቻችሁ ከጎንደር አካባቢ የመጣችሁ ናችሁ። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የወረደ ሰው ሊማሊሞን አይረሳም። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። ወደ አዲስ አበባ በመኪና የተጓዘም ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቷል። በእነዚህ ቦታዎች መሐንዲሶቹ ተራራውን መዞርን መረጡ።

ጣርማበር ላይ ግን ሌላ ነገር አደረጉ። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ደብረ ብርሃንን አልፎ የሚመጣው ደጋ እዚያ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከታች ደብረ ሲና አለች፤ ከእርሷም በታች ቆላው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በጫፉ ላይ የቆመውን ጉብታ በላዩ ለመሻገር መኪና በብርድ፣ በጭጋግና በጭቃ ተጨማሪ ዳገት መውጣት ነበረበት። ስለዚህ 587 ሜትር ያህል በሆዱ በሱት። ከዋሻው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ግን አልቀረም፤ የደብረ ሲናን ቆሎ የገዛ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ሲሠራ ይረክሳል፤ ነገር ግን በየቀኑ ነዳጅ፣ ፍሬንና አንዳንዴም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ዋሻ ሲሠራ በጣም ይወደዳል፤ ኋላ ግን ለሚያልፈው ሁሉ ድካምን ይቀንሳል።

እንዴት ይበሳል?

የመጀመሪያው ሥራ የቀያሽ ነው። ቁፋሮው ከሁለት አፍ የሚጀመር ከሆነ ሁለቱ ወገኖች መካከል ላይ መገናኘት አለባቸው። ደጃፍ ላይ የተሳተች አንዲት ጣት መቶ ሜትር ከተገባ በኋላ ብዙ ክንድ ትሆናለች። ከዚያ ድንጋዩ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ቀዳዳው ድማሚት ይጎርሳል፣ ሰው ይርቃል፣ ይፈነዳል። ጢሱ ሲወጣ ፍርስራሹ ይጠረጋል። እንደገና ይበሳል፤ ሥራው በዚህ መልክ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይገፋል።

ትልቁ ጠላት ግን ውሃ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ እሳተ ገሞራ እየደራረበ ያነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ነው። በጠንካራው ድንጋይ መካከል ለስላሳ አመድና አፈር አለ፤ ውሃ በዚያ ይሾልካል። ለዚህ ነው ዋሻ ውሃው እንዲወርድ ዘንበል ተደርጎ የሚቆፈረው፤ ጣራውና ግድግዳውም በግንብ ወይም በአርማታ የሚያዘው። ይህ ችግር በዘመናዊ መሣሪያም አልቀረም። የግልገል ጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ የውሃ ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ሲቆፈር መሣሪያው በተራራው ውስጥ በጭቃ ተይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከተመረቀም በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከውስጡ አንዱ ክፍል ተደርምሶ ጥገና አስፈልጎታል።

ሌላው አየር ነው። ጣርማበር አጭር ስለሆነ ነፋስ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ያልፍበታል። ረጅም ዋሻ ግን ያለ ማራገቢያ ሰው ይገድላል። በፈረንሳይና በጣልያን መካከል ባለው፣ 11.6 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሞን ብላን ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 አንድ የጭነት መኪና ተቃጥሎ 39 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹን የፈጀው ጢሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሐይፋ የተከፈተው የካርሜል ዋሻ ለመሄጃና ለመመለሻ የተለያየ ቀዳዳ፣ በመካከላቸውም ማምለጫ በር ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በእንዲህ ያለ ዋሻ ውስጥ መኪና ቢቆምባችሁና ጢስ ብታዩ ሞተሩን አጥፉ፤ ዕቃችሁን ትታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ማምለጫው በር ሂዱ።

ማን ሠራው?

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ያዘዘው የፋሺስት መንግሥት ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 የነበረው ወረራ ነው። መንገዱ አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ሲሆን ዓላማው ወታደርና መሣሪያ ማመላለስ ነበር። በዚያው ዘመን በመንዝና በአካባቢው ተራሮች ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች ይዋጉ ነበር። ያው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 በአገሩ በጣልያን ሕግ አውጥቶ የአይሁድ ልጆችን ከትምህርት ቤት፣ አይሁድ መምህራንን ከሥራቸው አባሯል። ስለዚህ እኛ ቤተ እስራኤል «ሙሶሊኒ ዋሻ» ስንል የማንን ስም እንደምንጠራ ማወቅ ይገባናል።

የቆፈረው ግን ሙሶሊኒ አይደለም። የጣልያንን መንገዶች የሠሩት ከጣልያን የመጡ ድሆች የቀን ሠራተኞችና የአገሩ ሰዎች ናቸው። ደመወዛቸው እኩል አልነበረም፤ ነጩ ከጥቁሩ ብዙ እጥፍ ይከፈለው ነበር። ድንጋዩ ግን የማንንም ቀለም አይመርጥም።

ሦስተኛም አለ፤ እርሱም የጠበቀው ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ መንገዶቹ በዝናብና በጥገና ማጣት ብዙ ተበላሽተው ነበር። በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የጥገናው ሥራ ተጀመረ። ብድሩን የከፈለው ገበሬውና ነጋዴው ነው። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ከመሐል አገር እህል የጫኑ መኪኖች በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን አልፈዋል። ለጦር የተበሳው ተራራ ለተራበ ሰው በር ሆነ። ይህ የሆነው ግን በወራሪው አሳቢነት ሳይሆን ጠብቀው ባቆዩት ሰዎች ድካም ነው።

የኢየሩሳሌም ምስክር

በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ከሺሎዋሕ መጠመቂያ አጠገብ ያለውን ጥንታዊ የውሃ ዋሻ ከልጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ እዩ። ርዝመቱ 533 ሜትር ነው፤ ከጣርማበር ብዙም አያንስም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው ውሃውን ወደ ከተማ ያስገባው ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 በግድግዳው ላይ ጥንታዊ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ተገኘ። ጽሑፉ ከሁለት ወገን የሚቆፍሩት ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ በድንጋዩ ውስጥ ሰምተው እንዴት እንደተገናኙ ይተርካል። የንጉሡ ስም በውስጡ የለም። የተጻፈው ስለ ዶማውና ስለ ድንጋይ ፈላጮቹ ነው።

ወገኖቼ፤ አባቶቻችን ግንበኞችና ብረት ሠሪዎች ነበሩ። እጅ የሠራውን ማቃለል አያምርብንም፤ ወራሪን ማመስገንም አይገባንም። ልጅ ሲጠይቃችሁ ሦስቱን ለዩለት፤ ማን አዘዘ? ማን ደከመ? ማን ጠበቀ? ስሙንም ጣርማበር በሉት፤ ተራራው ጣልያን ሳይመጣ የነበረ ስሙ ነው። በመካከላችሁ በመንገድ ሥራ የዋሉ ወይም በዚያ መንገድ የነዱ ሽማግሌዎች ካሉ ዛሬ ጠይቋቸው፤ ቃላቸውን ጻፉ። ወጣቶችም ይህን ሙያ ከወደዳችሁት፣ እዚሁ በቤር ሼቫ በሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅ የሲቪል ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል፤ ሒሳብን ከአሁኑ አጥብቃችሁ ያዙ።