ከለር ፎቶ ለምን ይቀላል?

በጽጽቃም በሰቆጣም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የሠርግ ከለር ፎቶ ተሰቅሏል። ሠላሳ አርባ ዓመት ከሆነው ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ቀልተው ይሆናል። ከጎኑ ያለው የአያት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ልዩነቱን ያመጣው ብር ነው።

በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየን እውነተኛ ብር ነው፤ ብርሃን የነካው የብር ውህድ ሲታጠብ ወደ ደቃቅ የብር ቅንጣት ይለወጣል። ብር ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለምን አይለይም።

ለዚህ በገበያ ሰፊ ቦታ ያገኘ የመጀመሪያው መፍትሔ ኦቶክሮም ነው። ፈረንሳውያኑ የሉሚዬር ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ለሽያጭ ያቀረቡት ሲሆን የተሠራውም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከድንች ስታርች ነበር። የስታርቹን ቅንጣቶች ብርቱካናማ-ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ-ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክረው መስታወት ላይ ነሰነሱት፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ከ6,000 በላይ። ከላዩ የብሩን ንጣፍ ቀቡት። ቀይ ካባ ሲነሣ ብርሃኑ በቀያዮቹ ቅንጣቶች አልፎ ከኋላቸው ያለውን ብር ይነካል። በእጥበቱ ያ ብር ሟሙቶ ይወጣል፤ ከሌሎቹ ቅንጣቶች ጀርባ ያለው ደግሞ ጠቁሮ እንደ መጋረጃ ይሸፍናቸዋል። መስታወቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ቀዩ ብቻ ይታያል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ፣ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሰው ሮበርት ሙር አዲስ አበባ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ግድም የወጣው የመጽሔቱ እትም የበዓሉን ሰሞን በከለር ፎቶዎች ጭምር አሳየ። በዚያ ዘመን መጽሔቱ በብዛት ይገለገልበት የነበረው ኦቶክሮም በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሰከንዶች ይፈልግ ስለነበር፣ ፈረስ ሲጋልብ ማንሣት የማይታሰብ ነው። መኳንንት ካባቸውን ለብሰው ቀጥ ብለው መቆም ነበረባቸው።

የከለር ፎቶ መልኩን የቀየረው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊሸር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ባመጣው ሐሳብ ነው። ፊልሙን የሚያጥበው ኬሚካል ብሩን ሲያጠቁር ራሱም ይለወጣል፤ የተለወጠው ኬሚካል ከሌላ ውህድ ጋር ሲጣመር እዚያው ቀለም ይፈጠራል። ችግሩ ቀለም ሰጪዎቹ ውህዶች በፊልሙ ላይ ከተደራረቡት የቀለም ንጣፎች ከአንዱ ወደ ሌላው መፍሰሳቸው ነበር። ኮዳክ ውህዶቹን ከፊልሙ አውጥቶ በእጥበቱ ውስጥ ጨመራቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 የወጣው ኮዳክሮም ይኸው ነው። ፈልሳፊዎቹ አንዱ ፒያኖ ሌላው ቫዮሊን ተጫዋች መሆናቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አግፋ ኩባንያ ደግሞ በ1936 ውህዶቹን ረጃጅም ሞለኪውል አድርጎ እዚያው ንጣፋቸው ውስጥ አሰራቸው። በየፎቶ ቤቱ ስናሳጥበው የኖርነው ፊልም ለዚህኛው መንገድ ይቀርባል።

አሁን ወደ ቀላው ፎቶ እንመለስ። በየንጣፉ ቢጫው፣ ቀይ-ሐምራዊውና ውሃ ሰማያዊው ቀለም ከተፈጠሩ በኋላ ብሩ በእጥበቱ ተጠርጎ ይወጣል። የሚቀረው ሦስቱ ቀለም ብቻ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ወረቀቶች ላይ ቀድሞ የሚደክመው ውሃ ሰማያዊው ነው፤ እሱ ሲሳሳ ፎቶው ይቀላል። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ከሰቆጣ ደጋ ይልቅ በጽጽቃ ቆላ፣ በተለይ ቆርቆሮ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ፣ ቶሎ ይጎዳል። ፎቶውን ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አውርዳችሁ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አኑሩት። ነጋቲቩ አለን ብላችሁም አትዘናጉ፤ የከለር ነጋቲቭም ብር የለውም፣ ያው ቀለም ነውና ሳይደክም በስካነር ቅጂ አስወጡለት።