ከቤት ሆኖ ለውጭ ገበያ መሥራት፦ ከክፍያው መንገድ መነሣት

በአንድ የኮሌጅ ምረቃ ላይ በተጋባዥ እንግዳ የቀረበ ንግግር

ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ገቢ ማግኘት በተለምዶ «ኦንላይን ሥራ» ይባላል። ስሙ ቅጥር ያስመስለዋል እንጂ አብዛኛው ንግድ ነው። ሠራተኛው ቀጣሪ የለውም፤ የሚሸጠው አገልግሎት ነው ያለው። ገዢው ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር ያለ ትንሽ ድርጅት ወይም ግለሰብ ስለሆነ ነገሩ አገልግሎት ወደ ውጭ መላክ ነው። ቡና ላኪ ጆንያውን ወደ ጅቡቲ ከመጫኑ በፊት ገዢው ማን እንደሆነ፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ ዶላሩ በየትኛው ባንክ እንደሚገባ ያጣራል። ጋዋን ለብሶ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ተመራቂ ግን ወደዚህ ገበያ ሲገባ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይቀናዋል። መጀመሪያ ኮርስ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ፕሮፋይል ይከፍታል፤ ገንዘቡ በምን በኩል እንደሚመጣ የሚያስበው የመጀመሪያው ክፍያ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል።

የውጭ ደንበኛ የለመዳቸው የመክፈያ መንገዶች ሁሉ ኢትዮጵያ ድረስ አይመጡም። በአሜሪካና በአውሮፓ ትናንሽ ነጋዴዎች የሚገለገሉበት ስትራይፕ፣ ለምሳሌ፣ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። እንደ አፕወርክና ፋይቨር ያሉ የሥራ ገበያዎች ክፍያን ፔዮኒር በተባለው የክፍያ ድርጅት በኩል ያስተላልፋሉ፤ ባንክ ለባንክ የሚደረግ የስዊፍት ዝውውርም አለ፤ የዝውውሩ ክፍያ ግን ለሃምሳና ለመቶ ዶላር የሚመች አይደለም። የገባው ዶላር የሚመነዘርበት ተመንም ተለውጧል፤ የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብርን ለገበያ ለቅቆታል። በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ ገቢ የሚያገኙ የአገር ውስጥ ነዋሪዎችም የውጭ ምንዛሪ አካውንት እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ከቤት የሚሠራ ሰው ዶላሩን በባንክ ሲያስገባ በይፋዊውና በጥቁር ገበያው ተመን መካከል ያለውን ልዩነት ያጣ ነበር፤ ብዙዎች ገንዘቡን በዘመድ አካውንት ያስመጡ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ተራ የሚመስል፣ ግን ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ ጉዳይ አለ፤ የስም አጻጻፍ። ፀሐይ የተባለች ተመራቂ በላቲን ፊደል ስሟ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ላይ ሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰነድ እስከ አያት ሲጽፍ ሌላው አባት ላይ ያቆማል። የማንነት ማረጋገጫ የሚሠራው ኮምፒውተር ይህን አይረዳም፤ የማይመሳሰል ስም ሲያገኝ አካውንቱን ያግዳል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰነዶቹን አንድ ማድረግ ቀን ወይም ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ ከማንኛውም ኮርስ የሚቀድም ሥራ ነው። አካውንት ተከራይቶ ወይም በሌላ አገር ነዋሪ ስም ከፍቶ መሥራት የገበያዎቹን ውል ስለሚጥስ ሲደረስበት የተጠራቀመውን ስምና ገንዘብ አብሮ ያጠፋል።

የክፍያው መንገድ ከተጠረገ በኋላ የሚሸጠው ነገር ይመጣል። «ኮምፒውተር እችላለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ገዢ የሚፈልገው በስሙ ሊጠራ የሚችል ትንሽ አገልግሎት ነው። የአካውንቲንግ ተመራቂን ብንወስድ፣ በአገራችን ኮሌጆች ለዓመታት የተማረው ፒችትሪን ነው። ፕሮግራሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአሜሪካ ያለ ትንሽ ሱቅ ወይም የጥርስ ክሊኒክ ግን ሂሳቡን የሚይዘው በአብዛኛው በኩዊክቡክስ ኦንላይን፣ በብሪታንያና በአውስትራሊያ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዜሮ (Xero) በተባለው ፕሮግራም ነው። የሂሳብ መርሁ ያው ስለሆነ የሚጎድለው የፕሮግራሙ ልምምድ ብቻ ነው። የኩዊክቡክስ ባለቤት ኢንቱዊት ለሂሳብ ባለሙያዎች የሚሰጠው የፕሮአድቫይዘር ሥልጠናና ፈተና ገንዘብ አይጠየቅበትም። «የትንሽ ክሊኒክን ወርኃዊ የባንክ ሂሳብ ከደረሰኞች ጋር አስታርቃለሁ» የሚል ተመራቂ ከሺህ «አካውንታንቶች» ተለይቶ ይታያል።

አማርኛ ራሱ የሚሸጥ ሙያ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ከገባ በኋላ አማርኛን በማንኛውም ኮምፒውተር መጻፍ ተቻለ፤ ጉግል ትራንስሌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ጨመረ። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚና የተተረጎመ ሰነድ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም በተግባር ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሆስፒታል ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ የሚተረጉሙ ድርጅቶች ሰው የሚፈልጉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁንና ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ተራ ጽሑፍ መተርጎምና አጫጭር መጣጥፍ መጻፍ ዋጋው እየወረደ ነው፤ ድርጅቶች ማሽን የተረጎመውን አርሞ የሚያስተካክል ሰው መፈለግ ጀምረዋል፤ ለቃል የሚከፈለውም አነስ ይላል። ለሰው ሰራሽ አስተውሎት ድምፅ መቅዳትና ምስል መለየት ደግሞ መግቢያው ቀላል የሆነ፣ ክፍያው ዝቅተኛ፣ እድገትም የሌለው ሥራ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሠራበት አይከፋም፤ መተዳደሪያ ለማድረግ ማሰብ ግን ስሌት የጎደለው ነው።

ደንበኛ የሚያምነው ያየውን ነው። ዲግሪው ከደጅ አያስገባም፤ ናሙና ሥራ ያስገባል። ሥራ ያልጀመረ ሰው ናሙናውን ራሱ ይፈጥረዋል፤ ለሰፈሩ ፋርማሲ የሦስት ወር ሂሳብ ይሠራል፣ ለዕድሩ የአባላት መዝገብ በኤክሴል ያዘጋጃል፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ ስሙንና ቁጥሮቹን ቀይሮ ያሳያል። በገበያዎቹ መሸጥ ራሱም ወጪ አለው፤ ፋይቨር ከሻጩ 20 በመቶ ይወስዳል። አፕወርክ ከግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተፈረሙ ውሎች ላይ እንደ ሥራው ዓይነት እስከ 15 በመቶ ይቆርጣል፤ ለሥራ ማመልከት ራሱም «ኮኔክት» የሚባል ነጥብ ያስከፍላል፤ አንዱ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ለአንድ ማመልከቻ ብዙ ያስፈልጋል። ያለ ምርጫ ወደ መቶ ቦታ አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚልክ ሰው ገና ሳያገኝ ይከስራል። ማስታወቂያውን አንብቦ፣ ደንበኛው የጻፈውን ችግር በሁለት መስመር መልሶ፣ ተዛማጅ ናሙና አያይዞ ለአሥር ቦታ መጻፍ ይበልጣል። ዋጋን ከመጠን በላይ ማውረድም አያዋጣም፤ ሦስት ሰዓት የፈጀ የ5 ዶላር ሥራ ከፋይቨር ኮሚሽን በኋላ 4 ዶላር ይሆናል፣ ዳታውና መብራቱ ገና አልተቀነሰም።

የቤት ሥራ የሚፈልገው ቤትም የራሱ ጣጣ አለው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይ እንኳ ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ራውተሩን የሚይዝ አነስተኛ ባትሪና የሌላ ቴሌኮም ሲም ካርድ በመጠባበቂያ መያዝ የሥራው ወጪ አካል ነው። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለተኛ አማራጭ ያለባቸው ከተሞች ጨምረዋል። ሰዓቱም ይታሰባል። በአሜሪካ የብርድ ወራት የኒው ዮርክ ጠዋት ሁለት ሰዓት በአዲስ አበባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ የጀርመን የሥራ ቀን ግን ከኢትዮጵያ ጋር የሚለያየው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ነው። ሌሊት መሥራት የማይፈልግ ሰው ገዢውን ከአውሮፓ ይፈልግ። ቤተሰብን ማስረዳትም ቀላል አይደለም፤ ቤት የዋለ ልጅ ሥራ ፈት ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ ቤት ስላለ፣ ስብሰባ ላይ ያለው ሰው ሽሮ እንዲያስፈጭ ይላካል። በር ዘግቶ የሥራ ሰዓትን ለእናት በግልጽ መናገር ግድ ነው።

በዚህ ገበያ የሚዘወተረው ማጭበርበር አንድ ዓይነት ባሕርይ አለው፤ ገንዘብ የሚከፍለው ሠራተኛው ነው። በቴሌግራም የሚመጣው «ቪዲዮ ላይክ አድርገህ ገንዘብ ውሰድ» የሚል ጥሪ መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላል፣ ቀጥሎ «ደረጃ ለማሳደግ» ተቀማጭ ይጠይቃል፣ ተቀማጩ ከፍ ሲል ይሰወራል። የመመዝገቢያ፣ የሥልጠና ወይም የዋስትና ክፍያ የሚጠይቅ «ቀጣሪ» ቀጣሪ አይደለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ኦንላይን ሥራ ብሎ ከአገር የሚያስወጣው ነው። በታይላንድ ጥሩ የኮምፒውተር ሥራ ተብለው የሄዱ ብዙ ወጣቶች በምያንማር ጠረፍ በምያዋዲ አካባቢ ካምፖች ታግተው ሌሎችን እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኢንተርኔት የሚሠራ እውነተኛ ሥራ የአውሮፕላን ቲኬት አይጠይቅም።

ገቢው ሲረጋ የመንግሥት ጉዳይ ይከተላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኢትዮጵያ ነዋሪ ከየትም አገር ያገኘውን ገቢ ግብር ያስከፍልበታል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ የገባውን ዶላር፣ የተቆረጠውን ኮሚሽን፣ የዳታና የዕቃ ወጪን በቀን መመዝገብ ኋላ ከግምት ያድናል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ ከራሱ ደመወዝ ሲቆረጥ 11 በመቶ ደግሞ አሠሪው ይጨምርለታል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ይህ 11 በመቶ የለውም። ዋጋውን ሲተምን የጡረታውን፣ የሕክምናውንና ሥራ የሌለበትን ወር ድርሻ በሰዓት ክፍያው ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።